የኮከብ ግርዶሽና የእኛ ሰዓት፦ ተለዋዋጭ ኮከቦችን በመመደብ ሥራ ውስጥ የጊዜ አመዘጋገብ ድርሻ

አኅጽሮት

ብርሃናቸው ከፍ ዝቅ የሚል ኮከቦች «ተለዋዋጭ ኮከቦች» ይባላሉ። ከእነዚህ መካከል አንዱ ሌላውን በየዑደቱ እየጋረደ የሚደበዝዙት ጥንድ ኮከቦች የኮከብን ክብደትና ስፋት ለመለካት ከሁሉ የላቀ መንገድ ይሰጣሉ። ይህ ጽሑፍ ተለዋዋጭ ኮከቦች የሚመደቡበትን ሥርዓት ባጭሩ ካስረዳ በኋላ፣ የምደባው ትክክለኛነት በመጨረሻ የሚያርፈው ጊዜን በትክክል በመመዝገብ ላይ መሆኑን ያሳያል። በተለይም በአገራችን የሰዓትና የዘመን አቆጣጠር የሚመዘግብ ተመልካች የሚያጋጥሙትን ሦስት የስሕተት ምንጮች ለይቶ፣ ከኢትዮጵያ ቀን በቀጥታ ወደ ጁሊያን የቀን ቁጥር የሚያደርስ ቀላል ስሌት ያቀርባል። ምሳሌዎቹ ከመርሳና ከአካባቢዋ ሰማይ ሆነው በዓይን ሊታዩ የሚችሉ ኮከቦችን ያካትታሉ።

1. መግቢያ

ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ማለዳ በሰሜን ወሎ የነበረ ሰው ሁሉ ግርዶሽ ምን እንደሆነ ከመጽሐፍ መማር አላስፈለገውም። በላሊበላ ጨረቃ በፀሐይ መሐል ገብታ ዙሪያዋን የብርሃን ቀለበት ብቻ አስቀርታ ነበር፤ ከቀለበቱ መስመር በወጡት የዞኑ አካባቢዎችም ፀሐይ እንደ ቀጭን ማጭድ ሆና ታይታለች። የዕለቱን ብርሃን ያስተዋለ ሰው ሁለት ነገር ተምሯል። አንደኛ፣ ፀሐይ ራሷ ምንም ሳትለወጥ ብርሃኗ ሊቀንስ እንደሚችል፤ ሁለተኛ፣ ግርዶሹ ቀለበት ይሁን ሙሉ ወይም ከፊል የሚወስኑት የጋራጁ ስፋት፣ ርቀቱና የተመልካቹ ቦታ መሆናቸውን።

ይኸው ነገር ከፀሐይ ሥርዓት ውጭ በብዙ ሺህ ኮከቦች ላይ ዘወትር ይፈጸማል። ልዩነቱ እነዚያን ኮከቦች በክብ ገጽታቸው ልናያቸው አለመቻላችን ነው። በጣም ከመራቃቸው የተነሣ ሁለቱ ኮከቦች እንደ አንድ ነጥብ ይታያሉ። ስለ ግርዶሻቸው የምናውቀው ሁሉ የሚመጣው ከሁለት ቁጥሮች ብቻ ነው፦ ብርሃኑ ስንት ነበር? መቼ? የመጀመሪያውን ለመለካት ብዙ ገንዘብና ጥበብ ፈሷል። ሁለተኛው ግን ቀላል ስለሚመስል ብዙ ጊዜ ችላ ይባላል። የዚህ ጽሑፍ ጭብጥ በሁለተኛው ላይ ያተኩራል።

2. የምደባው መነሻ

ጀሚኒያኖ ሞንታናሪ የተባለ ጣሊያናዊ በ17ኛው መቶ ዘመን አልጎል የተባለው ኮከብ ብርሃን እንደሚለዋወጥ አስተውሎ ነበር፤ መለዋወጡ ግን ሥርዓት እንዳለው አላወቀም። ሥርዓቱን ያገኘው በእንግሊዝ አገር ዮርክ ከተማ ይኖር የነበረው ጆን ጉድሪክ ነው። ጉድሪክ መስማት የተሳነው ወጣት ሲሆን፣ በ1783 እ.ኤ.አ. ገና 20 ዓመት ሳይሞላው አልጎል በየ2 ቀን ከ20 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ገደማ እንደሚደበዝዝ አስታወቀ። ለክስተቱ ካቀረባቸው ምክንያቶች አንዱ ጨለማ አካል በኮከቡ ፊት ማለፉ ነው። ዛሬ የሚታወቀው ዑደት 2 ቀን ከ20 ሰዓት ከ49 ደቂቃ ነው። በዓይኑና በተራ ሰዓት ብቻ የሠራው ወጣት የተሳሳተው በ4 ደቂቃ ያህል ብቻ ነበር። ኮከቦቹ በእርግጥ ሁለት መሆናቸውን ሄርማን ፎግል በ1889 እ.ኤ.አ. የኮከቡን ብርሃን በመተንተን፣ ኮከቡ ወደ እኛና ከእኛ እየተመላለሰ መንቀሳቀሱን አሳይቶ አረጋገጠ።

ጉድሪክ በ1784 እ.ኤ.አ. ሌሎች ሁለት ኮከቦችንም አገኘ፤ ቤታ ላይሬንና ዴልታ ሴፌይን። ሦስቱም ብርሃናቸው በቋሚ ዑደት ይለዋወጣል። የአልጎልና የቤታ ላይሬ መለዋወጥ ከግርዶሽ ሲመጣ፣ የዴልታ ሴፌይ ግን ከራሱ ከኮከቡ መስፋትና መኮማተር የመጣ ነው። በወቅቱ ይህን ልዩነት የሚያውቅ አልነበረም። የምደባ ችግር የተወለደው እንግዲህ ከመጀመሪያዎቹ ግኝቶች ጋር ነው።

ዛሬ ተለዋዋጭ ኮከቦች በሁለት ታላላቅ ክፍሎች ይመደባሉ። አንደኛው ክፍል ምክንያታቸው ከውስጣቸው የሆኑትን ይይዛል። በዚህ ውስጥ እንደ ዴልታ ሴፌይ የሚነፉና የሚኮማተሩት፣ በላያቸው ላይ በሚፈጠር ቁጣ ድንገት የሚደምቁት፣ እንዲሁም እንደ ኖቫና ሱፐርኖቫ የሚፈነዱት ይገኛሉ። ሁለተኛው ክፍል ምክንያታቸው ከአቀማመጥ የሆኑትን ይይዛል። በዚህ ውስጥ ተጋራጅ ጥንዶችና ገጻቸው በጥቁር ነጠብጣብ የተሸፈነ ሆኖ ሲሽከረከሩ ብርሃናቸው የሚለዋወጥ ኮከቦች ይጠቃለላሉ። የውስጥና የውጭ ክፍፍሉ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ከምድር ሆኖ የሚታየው መለዋወጡ እንጂ ምክንያቱ አይደለም።

የኮከብ ብርሃን በጊዜ ሂደት እንዴት እንደተለዋወጠ የሚያሳየው ሥዕል «የብርሃን ኩርባ» ይባላል። ብርሃኑ የሚለካበት ደረጃ በተገላቢጦሽ የሚሄድ መሆኑን አንባቢ ያስታውስ፤ ቁጥሩ ሲያድግ ኮከቡ ይደበዝዛል። አልጎል በተለመደው ጊዜ በደረጃ 2.1 ላይ ሆኖ በግርዶሹ መሐል ወደ 3.4 ይወርዳል። ይህም ማለት ከብርሃኑ ሦስት እጅ ሁለቱን ያህል ያጣል፤ የሚቀረው 30 በመቶ ገደማ ነው።

3. ተጋራጅ ጥንዶች፦ ከኩርባ ቅርጽ ወደ አካላዊ አቋም

ተጋራጅ ጥንዶች በኩርባቸው ቅርጽ በሦስት ዓይነት ይከፈላሉ።

የአልጎል ዓይነት። ብርሃኑ በአብዛኛው ጊዜ ሳይለዋወጥ ቆይቶ በድንገት ይወርዳል፤ ከዚያም ይመለሳል። የግርዶሹ መጀመሪያና መጨረሻ በኩርባው ላይ በግልጽ ይለያል። በአልጎል ዋናው ግርዶሽ ወደ 10 ሰዓት ያህል ይፈጃል። ደብዛዛው ኮከብ በተራው ሲጋረድ የሚፈጠረው ሁለተኛ ዝቅታ ግን በጣም ትንሽ ስለሆነ በዓይን አይለይም።

የቤታ ላይሬ ዓይነት። ብርሃኑ ያለ ዕረፍት ይለዋወጣል፤ ሁለቱ ዝቅታዎች በጥልቀት ይለያያሉ። ምክንያቱ ኮከቦቹ እርስ በርስ በመሳሳባቸው ቅርጻቸው እንደ እንቁላል መሾሉ ነው። ስለዚህ ግርዶሽ በሌለበት ጊዜም ወደ እኛ የሚዞረው የገጻቸው ስፋት ይለዋወጣል። የቤታ ላይሬ ዑደት 12.9 ቀን ያህል ነው።

የደብልዩ ኡርሳ ማዮሪስ ዓይነት። በዚህ ዓይነት ሁለቱ ዝቅታዎች ከሞላ ጎደል እኩል ናቸው፤ ዑደቱም ከአንድ ቀን ያነሰ ነው። ስሙን የሰጠው ኮከብ 0.3336 ቀን፣ ማለትም 8 ሰዓት ያህል ዑደት አለው።

ይህ ክፍፍል የሚታየውን ይገልጻል እንጂ ያለውን አይገልጽም። ዝዴኔክ ኮፓል በ1955 እ.ኤ.አ. ያቀረበው ክፍፍል ግን በአካላዊ አቋም ላይ የተመሠረተ ነው። እያንዳንዱ ኮከብ ዙሪያውን ጋዙን በራሱ ስበት ይዞ ሊያቆይ የሚችልበት «የሮሽ ክልል» የሚባል ወሰን አለው። ሁለቱም ኮከቦች ከወሰናቸው በታች ከሆኑ ጥንዱ የተለያየ ይባላል። አንዱ ወሰኑን ከሞላ፣ የዚያ ኮከብ ጋዝ ወደ ጓደኛው ይፈስሳል፤ ጥንዱም ከፊል የተገናኘ ይባላል። ሁለቱም ወሰናቸውን ካለፉ በአንድ የጋዝ መጎናጸፊያ ውስጥ ይኖራሉ፤ የተገናኘ ጥንድ ይባላሉ።

የዚህን ክፍፍል ጥቅም የሚያሳየው አልጎል ራሱ ነው። ከሁለቱ ኮከቦች ደማቁ የፀሐይን 3.2 እጥፍ ያህል ክብደት አለው፤ ደብዛዛው ደግሞ 0.7 እጥፍ ብቻ ነው። ከባድ ኮከብ ነዳጁን ቶሎ ይጨርሳልና ቀድሞ ማርጀት የነበረበት ከባዱ ነው። በአልጎል ግን ያረጀውና ያበጠው ቀላሉ ነው። መልሱ የተገኘው ደብዛዛው የሮሽ ክልሉን የሞላ መሆኑ ሲታወቅ ነው። ድሮ ከባዱ እርሱ ነበር፤ ሲያረጅ አበጠና አብዛኛውን አካሉን ለጓደኛው አፈሰሰ። ታናሹ የታላቁን ውርስ ወስዶ ታላቅ መሰለ። በቤታ ላይሬ ይኸው ፍሰት ዛሬም በኃይል እየቀጠለ ስለሆነ ዑደቱ በየዓመቱ 19 ሴኮንድ ያህል ይረዝማል። ይህን የ19 ሴኮንድ ዕድገት ማንም በአንድ ሌሊት አልለካውም፤ ከጉድሪክ ዘመን ጀምሮ በተከማቹ የግርዶሽ ሰዓቶች ነው የታወቀው።

4. ተመሳሳይ ኩርባ፣ የተለያየ ምክንያት

የምደባ ስሕተት በጽሑፍ ላይ ብቻ የሚቀር ጉዳት አይደለም። ሄንሪታ ሊቪት በ1912 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው ጥናት፣ በትንሹ የማጌላን ደመና ውስጥ ያሉ 25 የሴፌይ ዓይነት ኮከቦች ዑደታቸው በረዘመ ቁጥር እንደሚደምቁ አሳየች። በዚህ ሕግ አማካይነት ዑደትን በመለካት ርቀትን ማወቅ ተቻለ። ኤድዊን ሀብል በጥቅምት 1923 እ.ኤ.አ. በአንድሮሜዳ ውስጥ ያገኘውን ነጥብ በመጀመሪያ ኖቫ ነው ብሎ ምልክት አድርጎበት ነበር። ከቀደሙት ፎቶግራፎች ጋር ሲያስተያየው ግን በዑደት የሚመላለስ መሆኑን አየ፤ ምልክቱንም ሰርዞ «ተለዋዋጭ» ብሎ ጻፈ። አንድሮሜዳ ከእኛ ጋላክሲ ውጭ ያለ ሌላ ጋላክሲ መሆኑ የታወቀው በዚያ የስያሜ ለውጥ ነው። ቀጥሎም ዋልተር ባዴ በ1952 እ.ኤ.አ. እነዚህ ኮከቦች አንድ ሳይሆኑ ሁለት ዓይነት መሆናቸውን ባስታወቀ ጊዜ፣ የጋላክሲዎች ርቀት እጥፍ ያህል አደገ። አንድን ክፍል ለሁለት መክፈል ብቻውን የዩኒቨርስን ልክ ለወጠ።

ለተጋራጅ ጥንዶች ዋነኛው የስሕተት ምንጭ የዑደት እጥፋት ነው። የደብልዩ ኡርሳ ማዮሪስ ዓይነት ኮከብ በአንድ ዙር ሁለት እኩል የሚመስሉ ዝቅታዎች አሉት። ተመልካቹ ሁለቱን እንደ አንድ ከቆጠራቸው ዑደቱ በግማሽ ያጥራል፤ 8 ሰዓት የነበረው 4 ሰዓት ይሆናል። በዚህ መንገድ የተሳለው ኩርባ ለስላሳ ሞገድ መስሎ ይታያል። እንዲህ ዓይነት ኩርባ ደግሞ የአንዳንድ የአርአር ላይሬ ኮከቦች መለያ ነው፤ እነርሱም ከ0.2 እስከ 0.5 ቀን ባለው ዑደት የሚነፉና የሚኮማተሩ፣ ለርቀት መለኪያነት የሚያገለግሉ ኮከቦች ናቸው። ተጋራጅ ጥንድ በስሕተት ከእነርሱ ጋር ከተመደበ የተሳሳተ ርቀት ይሰጣል።

ሁለቱን ለመለየት ሦስት ፈተናዎች አሉ። የመጀመሪያው ቀለም ነው። የሚነፋ ኮከብ ሲደምቅ ይግላል፤ ስለዚህ ቀለሙ ወደ ሰማያዊ ያዘነብላል። የተገናኘ ጥንድ ግን ሁለቱም ገጾች ተቀራራቢ ሙቀት ስላላቸው ቀለሙ ብዙም አይለወጥም። ሁለተኛው የዝቅታዎቹ ጥልቀት ነው። ዑደቱን እጥፍ አድርጎ ኩርባውን እንደገና መሳልና ሁለቱ ዝቅታዎች በትንሹም ቢሆን የሚለያዩ መሆናቸውን መመርመር ያስፈልጋል። ሦስተኛው የፍጥነት ልኬት ነው። በጥንድ ኮከብ ብርሃን ውስጥ የሁለት አካላት ተቃራኒ እንቅስቃሴ ይነበባል። ሦስተኛው ትልቅ ቴሌስኮፕ ይጠይቃል፤ ሁለቱን ግን በኢንተርኔት በነጻ በሚገኝ መረጃ ማንም የድኅረ ምረቃ ተማሪ ሊሠራቸው ይችላል። ጋያ የተባለችው የአውሮፓ ሳተላይት በ2022 እ.ኤ.አ. በወጣው ዝርዝሯ ብቻ ከ2 ሚሊዮን በላይ ዕጩ ተጋራጅ ጥንዶችን አቅርባለች። እነዚህን የመደባቸው ኮምፒውተር ነው፤ አንድ በአንድ መርምሮ የሚያረጋግጥ ዓይን ግን አሁንም ያስፈልጋል።

5. ሰዓት ሲሳሳት

የግርዶሽ ሰዓት መዝገብ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ሁለት ታሪኮች ይመሰክራሉ።

በ2008 እ.ኤ.አ. ቪ1309 ስኮርፒ የተባለ ኮከብ ድንገት ደመቀ። በአካባቢው ሰማይ ላይ ለሌላ ዓላማ ከዓመታት በፊት የተወሰዱ ልኬቶች ሲመረመሩ፣ ኮከቡ ቀድሞ 1.4 ቀን ያህል ዑደት የነበረው የተገናኘ ጥንድ መሆኑና ዑደቱም እያጠረ መሄዱ ታወቀ። ሁለቱ ኮከቦች ተዋሕደው አንድ ሆነዋል። ይህ የታወቀው አስቀድሞ የተመዘገበ ትክክለኛ ጊዜ ስለነበረ ነው።

ሁለተኛው ታሪክ የተቃራኒው ነው። ኬአይሲ 9832227 የተባለ የተገናኘ ጥንድ ዑደቱ እያጠረ ስለመሰለ፣ በ2022 እ.ኤ.አ. አካባቢ ሁለቱ ኮከቦች ተዋሕደው በዓይን እስኪታዩ ድረስ ይደምቃሉ ተብሎ በ2017 እ.ኤ.አ. ተነገረ፤ ዜናውም በዓለም ተሰራጨ። በ2018 እ.ኤ.አ. ሌላ ቡድን መዝገቦቹን ሲያጣራ፣ ቀደም ብሎ በታተመ ጽሑፍ ላይ የአንድ ግርዶሽ ሰዓት በ12 ሰዓት የተሳሳተ መሆኑን አገኘ፤ ትንቢቱም ፈረሰ። እዚህ ላይ ማስተዋል የሚገባው ስሕተቱ ለምን እንዳልታወቀ ነው። የኮከቡ ዑደት 11 ሰዓት ያህል ነው። ከ12 ሰዓት ስሕተት አንድ ሙሉ ዑደት ሲቀነስ የሚቀረው 1 ሰዓት ብቻ ነው። ትልቁ ስሕተት ከዑደቱ ጀርባ ተሸሽጎ፣ እውነተኛ የሚመስል ትንሽ ለውጥ ሆኖ ታየ።

ለኢትዮጵያዊ ተመልካች ይህ ታሪክ ልዩ ማስጠንቀቂያ አለው። በእኛ አነጋገር «ማታ 3 ሰዓት» የሚባለው በምሥራቅ አፍሪካ ሰዓት 21፡00፣ በዓለም አቀፍ ሰዓት ደግሞ 18፡00 ነው። ሰዓታችን የሚጀምረው ከንጋትና ከምሽት ነው። በአንድ ማስታወሻ ላይ አንዱ ሌሊት በእጅ ሰዓት፣ ሌላው ሌሊት በስልክ ሰዓት ከተጻፈ የ6 ሰዓት ልዩነት ይፈጠራል። እኔም በመጀመሪያው የአልጎል ማስታወሻዬ ላይ ይህንኑ ስሕተት ሠርቼ፣ የሁለት ሌሊት ልኬቴ ከቀሪው ጋር አልገጥም ብሎኝ ኮከቡን ጠርጥሬ ነበር።

የ6 ሰዓት ስሕተት በአልጎል ላይ የግርዶሹን መሐል ከግርዶሹ ውጭ ይጥለዋል፤ ግርዶሹ ከመሐሉ ወዲህና ወዲያ 5 ሰዓት ያህል ብቻ ነውና። በደብልዩ ኡርሳ ማዮሪስ ላይ ደግሞ 6 ሰዓት የዑደቱ ሦስት አራተኛ ነው። ስለዚህ ዝቅታው በከፍታው ቦታ ይመዘገባል።

ሌላው የስሕተት ምንጭ የቀን ስያሜ ነው። ሐሙስ ማታ ምልከታ የጀመረ ሰው ሌሊት 8 ሰዓት ላይ የመዘገበውን «ሐሙስ» ይለዋል ወይስ «ዓርብ»? በባህላችን ሌሊቱ «ለዓርብ አጥቢያ» ይባላል። በሰነድ ላይ ግን ሁለቱም ይጻፋሉ። የአንድ ቀን ስሕተት በአልጎል ላይ ወዲያው ይጋለጣል። በደብልዩ ኡርሳ ማዮሪስ ላይ ግን 24 ሰዓት ከሦስት ዑደቶች ጋር እኩል ሊሆን ምንም ስለማይቀረው ስሕተቱ ሳይታይ ያልፋል።

ሦስተኛው ምንጭ ከተመልካቹ ሳይሆን ከቦታው የሚመጣ ነው። የዚሁ ኮከብ ሦስት ዑደቶች ከ24 ሰዓት የሚበልጡት በ1.3 ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። አንድ ሰው በየማታው በተመሳሳይ ሰዓት ለአጭር ጊዜ ብቻ ቢመለከተው፣ ዘወትር የኩርባውን አንድ ክፍል ያያል፤ ሌላውን ክፍል ለማየት ወራት ይፈጅበታል። መፍትሔው ሌሊቱን ሙሉ መመልከት፣ ወይም በሌላ የኬንትሮስ መስመር ላይ ካለ ተመልካች ጋር መዝገብ ማቀናጀት ነው።

6. ከኢትዮጵያ ቀን ወደ ጁሊያን የቀን ቁጥር

የሥነ ፈለክ ሊቃውንት ከወርና ከዓመት ውጣ ውረድ ለመዳን ቀናትን ከ4713 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ጀምረው ያለማቋረጥ ይቆጥራሉ። ይህ «ጁሊያን የቀን ቁጥር» ይባላል። አዲሱ ቀን የሚጀምረው በእኩለ ሌሊት ሳይሆን በዓለም አቀፍ ሰዓት እኩለ ቀን ላይ ነው፤ ይህም በእኛ ከቀኑ 9 ሰዓት ማለት ነው። ስለዚህ አንድ የምልከታ ሌሊት በሁለት ቀን አይከፈልም።

ብዙ ተማሪዎች የኢትዮጵያን ቀን መጀመሪያ ወደ ጎርጎርዮስ፣ ከዚያ ወደ ጁሊያን ቁጥር ይለውጣሉ። ይህ አላስፈላጊ ዙር ነው። ወሮቻችን እያንዳንዳቸው 30 ቀን ስለሆኑ በቀጥታ ማስላት ይቀላል፦

ሀ. ዓመተ ምሕረቱን በ365 ማባዛት፤
ለ. ዓመተ ምሕረቱን ለ4 አካፍሎ ቀሪውን በመተው ድርሻውን ብቻ መውሰድ፤
ሐ. የወሩን ተራ ቁጥር (መስከረም 1፣ ጥቅምት 2፣ … ጳጉሜን 13) በ30 ማባዛት፤
መ. ዕለቱን መውሰድ፤
ሠ. አራቱን ደምሮ 1,723,825 መጨመር።

በተራ ለ ያለው ድርሻ በባሕረ ሐሳብ ዓመተ ዓለምን ለ4 በማካፈል ከሚገኘው መጠነ ራብዒት ጋር አንድ ዓይነት ተግባር አለው። ሁለቱም ጳጉሜን 6 የሆነችባቸውን ዓመታት ይቆጥራሉ።

ለሙከራ የላሊበላውን ግርዶሽ ዕለት እንውሰድ፤ ሰኔ 14 ቀን 2012። 365 ጊዜ 2012 ሲባዛ 734,380 ይሆናል። 2012 ለ4 ሲካፈል 503 ነው። ሰኔ 10ኛ ወር ስለሆነ 300፤ ዕለቱ 14። ድምሩ 735,197፤ በ1,723,825 ላይ ሲደመር 2,459,022 ይሆናል። ይህም በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ለጁን 21 ቀን 2020 ከሚሰጠው ቁጥር ጋር አንድ ነው።

የሌሊቱን ሰዓት ለመጨመር ምልከታው የተጀመረበትን ምሽት ቀን ይዞ፣ በእኛ የሌሊት ሰዓት ላይ 3 ደምሮ ለ24 ማካፈል ይበቃል። ምሽት 12 ሰዓት በ0፣ ንጋት 12 ሰዓት በ12 ይቆጠራል፤ ደቂቃውም ወደ ሰዓት ክፍልፋይ ይለወጣል። ለምሳሌ ታኅሣሥ 20 ቀን 2017 ማታ 3 ሰዓት፦ የቀኑ ቁጥር 2,460,674፤ 3 ሲደመር 3 ለ24 ሲካፈል 0.25፤ ስለዚህ 2,460,674.25። በዚያው ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ደግሞ 11 ለ24 ሲካፈል 0.458 ስለሆነ 2,460,674.458 ይሆናል። ቀኑ ወደ 21 መዞሩ ስሌቱን አይነካውም። በማስታወሻ ላይ ግን «ከታኅሣሥ 20 ለ21 አጥቢያ» ብሎ ሁለቱንም ቀን መጻፍ ጥርጣሬን ያስወግዳል።

ከፍ ያለ ትክክለኛነት ለሚፈልግ ሥራ አንድ እርማት ይቀራል። ምድር ፀሐይን ስትዞር ለኮከቡ አንዳንዴ ትቀርባለች፣ አንዳንዴ ትርቃለች። የኮከቡም ብርሃን እስከ 8 ደቂቃ ያህል ሊቀድም ወይም ሊዘገይ ይችላል። በዓይን ለሚደረግ ምልከታ ይህ ብዙ አይጎዳም፤ ለመሣሪያ ልኬት ግን የግድ መታረም አለበት።

7. ከመርሳ ሰማይ ሥር

መርሳ ከወልድያ በስተ ደቡብ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 11.7 ዲግሪ ገደማ ላይ ትገኛለች። ለምድር ወገብ መቅረቧ የሰሜኑንም የደቡቡንም ሰማይ አብዛኛውን ክፍል ለማየት ያስችላል። አልጎል ከዚህ ሲታይ በሰሜን በኩል ከአድማስ 61 ዲግሪ ያህል ከፍ ይላል። ታኅሣሥ 20 አካባቢ ማታ 3 ሰዓት ላይ ከፍተኛ ቦታው ላይ ይደርሳል። ወቅቱ በጋ ስለሆነ ሰማዩ ከሌላው ጊዜ ይልቅ የጠራ ነው። ቤታ ላይሬ ግን ሌሊቱን ሙሉ የሚታየው በሰኔና በሐምሌ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ክረምቱ ይጋርደዋል። ለእርሱ የተሻለው ጊዜ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር ያሉት ምሽቶች ናቸው። ዴልታ ሴፌይም በእነዚሁ ወራት በሰሜን በኩል ይታያል፤ በ5.4 ቀን ዑደቱ ቶሎ ደምቆ ቀስ ብሎ ሲደበዝዝ ያየ ሰው ከአልጎል ድንገተኛ መውረድ ጋር ያለውን ልዩነት በራሱ ዓይን ይረዳል።

አልጎልን ለመለካት መሣሪያ አያስፈልግም። በአቅራቢያው ካሉ፣ ብርሃናቸው ከታወቀ ኮከቦች ጋር ማነጻጸር ይበቃል፦ አልማክ 2.1፣ ኤፕሲሎን ፔርሴይ 2.9፣ ካፓ ፔርሴይ 3.8። በተለመደው ጊዜ አልጎል ከአልማክ ጋር እኩል ይሆናል። በግርዶሹ መሐል ግን ከኤፕሲሎን ደብዝዞ ከካፓ ደምቆ ይታያል። በየ15 ወይም 20 ደቂቃው መዝግቦ፣ ሲወርድና ሲመለስ እኩል ብርሃን ያሳየባቸውን ሰዓቶች በማጋመስ የግርዶሹን መሐል ማግኘት ይቻላል።

ተመልካቹ አንዱን ግርዶሽ ካገኘ ቀጣዮቹን ራሱ ይተነብያል። መሐሉ ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ከሆነ ከሦስት ሌሊት በኋላ ማታ 2 ሰዓት ከ49 ላይ ይሆናል፤ ከዚያ የሚቀጥለው ፀሐይ ሳትጠልቅ ስለሚውል አይታይም። ከመጀመሪያው ከ20 ሌሊት በኋላ ግን ሌሊት 7 ሰዓት ከ43 ገደማ ላይ ተመልሶ ይመጣል። ትንቢቱ ካልሠራ መጀመሪያ የሚመረመረው ሰዓቱ የተጻፈበት መንገድ ነው፤ ኮከቡ የሚጠረጠረው ከዚያ በኋላ ነው።

8. ማጠቃለያ

ተለዋዋጭ ኮከቦችን መመደብ ቅርጽን አይቶ ስም መስጠት ብቻ አይደለም። ተመሳሳይ ኩርባ ከግርዶሽም ከንፋትም ሊመጣ ይችላል፤ የሚለያቸው ትክክለኛ ዑደት ነው። ዑደት ደግሞ ከተመዘገበ ጊዜ በቀር ሌላ ምንጭ የለውም።

በአገራችን በእንጦጦ ተራራ ላይ እያንዳንዳቸው የ1 ሜትር መስታወት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች ተተክለዋል፤ በላሊበላ ዙሪያ ያሉ ከፍተኛ ተራሮችም ለሥነ ፈለክ ምልከታ ያላቸው ምቹነት ሲጠና ቆይቷል። እነዚህ ተቋማት ነገ የሚፈልጓቸው ተመራማሪዎች ዛሬ በየትምህርት ቤቱ ያሉ ተማሪዎች ናቸው። ስለሆነም በወልድያ፣ በመርሳና በሀብሩ ቀበሌዎች ያሉ የሳይንስ ክበባት በሚመጣው በጋ የአልጎልን ግርዶሽ መመዝገብ ቢጀምሩ፣ እያንዳንዱንም ምልከታ በሦስት ዓምድ፣ ማለትም በኢትዮጵያ ቀንና ሰዓት፣ በዓለም አቀፍ ሰዓትና በጁሊያን ቁጥር ቢጽፉ የሚል ሐሳብ እናቀርባለን። ወጪው ደብተርና እርሳስ ነው። ጉድሪክ ከ240 ዓመታት በፊት የመዘገባቸው ሰዓቶች ዛሬም በስሌት ውስጥ የሚገቡት ሰዓቱን በትክክል ስለጻፈ ነው፤ ከመርሳ የሚጻፈው መዝገብም በዚሁ መመዘኛ ይመዘናል።